የጣሪያው የጋራ፣ የራስጌው የግል

*በየካ ጠባብ ክፍሎች ቦታ የማይወስድ የአልጋ ዳር መብራት እንዴት ይሠራል? ለማንስ ይበልጥ ያስፈልጋል?*

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ጉራራ የሚወስደውን መንገድ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የያዘ ሰው፣ ቤቶቹ ሳይገባ ስንት ክፍል እንዳላቸው ሊናገር ይችላል። አንድ መስኮት፣ አንድ ነጭ አምፖል፣ አንድ ክፍል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ገና በጊዜ በር ያዘጋል። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ጭስ በቆርቆሮው ላይ ተኝቶ ይቆያል። ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የሰሃን ኳኳታ ይሰማል። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን መስኮቶቹ በየተራ ይጨልማሉ። ክፍሉ አንድ ስለሆነ ጨለማውም ለሁሉም እኩል ነው የሚመጣው፤ ለደከመውም፣ ገና ላልደከመውም።

ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ የምትኖር እናት ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ እንጀራ ትጋግራለች፤ ጠዋት ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። በጊዜ ካልተኛች አትችለውም። የ12ኛ ክፍል ተማሪዋ ልጇ ደግሞ ለማጥናት የሚመቻት ታናናሾቿ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል ነው። አምፖሉ ከክፍሉ መካከል ተንጠልጥሏል፤ ማብሪያ ማጥፊያው በሩ አጠገብ ነው። «ኧረ አጥፊው የኔ ልጅ፣ ነገ መነሣት አለብኝ» ትላለች እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል እያደረገች። «ይቺን ገጽ ብቻ፣ እማዬ።» ሁለቱም እውነት አላቸው። ያጋጫቸው አምፖሉ የተሰቀለበት ቦታ ነው።

የአልጋ ዳር መብራት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሆቴል ነው፤ ካልሆነም የሙሽራ ቤት። በአልጋው ግራና ቀኝ ኮመዲኖ፣ በኮመዲኖው ላይ የጨርቅ ቆብ የደፋ መብራት፤ የሞላለት ሰው ዕቃ። እኔ የማምነው የተገላቢጦሹን ነው። የራስጌ መብራት አብልጦ የሚያስፈልገው ኮመዲኖ ማስቀመጫ ለሌለው ቤት ነው። አምስት ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር ለእያንዳንዱ ግድግዳ ማቆም የማይታሰብ ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚበቃ ትንሽ ብርሃን ግን ማካፈል ይቻላል። ያቺ ብርሃን የምትደርስበት ቦታ ለዚያ ሰው ክፍሉ ናት።

> ለእያንዳንዱ ሰው ግድግዳ ማቆም በማይቻልበት ቤት፣ ብርሃንን ማካፈል ይቻላል።

ኩራዝ የአንድ ሰው ነበር

ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ አድርገው በነበረበት ዘመን የእልፍኙም የአዳራሹም ብርሃን ጧፍ፣ ሻማና የምድጃ እሳት ነበር። ኤሌክትሪክ ወደ አገሪቱ የገባው ከተማዋ ወደ ታች ከወረደች በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ለቤተ መንግሥቱ በመጣ ጄኔሬተር እንደሆነ ይነገራል። በ1904 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። እንዲያም ሆኖ አብዛኛው የከተማ ሰው ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያመሸው በኩራዝና በፋኖስ ነው።

የኩራዝን ክፋት ያየው ያውቀዋል። ጥላሸቱ አፍንጫ ይሞላል፣ ላምባው ይከረፋል፣ ከተገለበጠም ፍራሹን ብቻ በልቶ አይቆምም። ተመልሶ ይምጣ የሚል የለም። አንድ ጠባይ ግን ነበረው፦ ሰውን ይከተላል። ተማሪው በመደቡ ጫፍ ያስቀምጠዋል፤ እናት ጓዳ ስትገባ ይዛው ትገባለች፤ ሌላው በተኛበት ይተኛል። በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ለኩራዝ የሚሆን ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ የሚያበጁም ነበሩ። ወለል አይይዝም፣ የሕፃን እጅም አይደርስበትም። ዛሬ በጠባብ መኝታ ክፍል ውስጥ የምንፈልገው ይኸንኑ ነው።

አምፖል ሲመጣ ብርሃኑ ጠራ፤ ነገር ግን ጣሪያ ላይ ወጣ። አንድ ቤት ከጨለማ ለማውጣት በአነስተኛ ወጪ የሚሠራው አንድ ገመድ ስቦ መካከል ላይ አንድ አምፖል ማንጠልጠል ስለሆነ ያኔ ነገሩ ተገቢ ነበር። ችግሩ ልማዱ ከዚያ በኋላ ከተሠሩት ቤቶች ጋር አብሮ መሠራቱ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል የድሮውን አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢውን በነጻ ሲያድል በአገሪቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አምፖሎች ተለውጠዋል። ከዚያ ደግሞ ኤልኢዲው መጣ። አምፖሉ ሁለት ጊዜ ሲለወጥ ቦታው አንድ ጊዜም አልተለወጠም።

ምሽታችን ደግሞ ረጅም ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ፣ ቢዘገይ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ሌሊት የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሰሜን አውሮፓ እንዳለ ተማሪ በበጋ እስከ ማታ በፀሐይ የሚያነብ ልጅ እዚህ የለም። ጥናቱም፣ የዳዊት ንባቡም፣ የልብስ ጥገናውም፣ ሕፃን ማጥባቱም የሚሠራው በመብራት ነው።

ስልሳ ሳንቲ ሜትር

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1990ዎቹ ማብቂያ ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ ንድፎች ስቱዲዮ የሚባለው ከ20 ካሬ ሜትር በታች፣ ባለ አንድ መኝታው ደግሞ ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ነበር። የካ አባዶ ያሉት ሰፊ መንደሮች የዚሁ ፕሮግራም ልጆች ናቸው። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ሲሆን አካባቢው ወደዚያ ቢካለልም ነዋሪው አሁንም የካ አባዶ ይለዋል። ቤት ማግኘት ለብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ደስታ ነው። ከደስታው ማግስት ሜትር ይወጣል።

ስሌቱን እንሞክረው። መኝታ ክፍሉ 2 ሜትር ከ70 ስፋት አለው እንበል። 1 ሜትር ከ50 አልጋ መካከል ላይ ሲገባ በግራም በቀኝም የሚተርፈው 60 ሳንቲ ሜትር ነው። በአንዱ በኩል ቁም ሳጥን ከቆመ አልጋው ወደ ግድግዳ ይገፋና ከውስጥ በኩል የሚተኛው ሰው ምንም ማስቀመጫ አይኖረውም። ስልኩ ትራሱ ሥር ይገባል፤ ውኃው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ መብራት ለማጥፋት በሌላው ሰው ላይ ተሻግሮ በሩ ድረስ መሄድ አለበት።

ኮንዶሚኒየም ያልደረሳቸው ደግሞ ከዚህም የጠበበውን ያውቁታል። በኮተቤ በትልልቅ ግቢዎች ጀርባ ተሰልፈው የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ተከራዮቻቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጀማሪ ሠራተኞች፣ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። በቀድሞ ቀበሌ ቤቶች ደግሞ ቆጥ አለ። ጣሪያው ከፍ ያለ ከሆነ ከግማሹ ላይ በባሕር ዛፍ አጣናና በጣውላ ወለል ተሠርቶ ልጆቹ በመሰላል ወጥተው ይተኛሉ። ቦታ በማጣት የተፈጠረ ብልሃት ነውና ባየሁት ቁጥር አከብረዋለሁ። መብራቱን በተመለከተ ግን ቆጥ ከሁሉም የከፋው ነው። ጣሪያ ላይ የነበረው አምፖል ከልጁ ፊት ትይዩ፣ አንዳንዴም ከስፖንጅ ፍራሽና ከማዳበሪያ ኮርኒስ አጠገብ ይሆናል። ባለ ክር አምፖል የሚወስደውን ኃይል አብዛኛውን የሚለውጠው ወደ ሙቀት ነው። ከብርድ ልብስ ጋር ከተነካካ ሊያቃጥል ይችላል።

ወለል የማይነካ

ኮተቤ ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠሩ የእንጨት ቤቶች ፍቅፋቂያቸውን ለማገዶ፣ ቁርጥራጩን ደግሞ ለብቻ ያከማቻሉ። ለራስጌ መብራት የሚያስፈልገው እንጨት ከዚያ ቁርጥራጭ ውስጥ ይገኛል። አንድ አናጺ ሥራውን ሲያስረዳ የሚጀምረው ከመብራቱ ሳይሆን ከሰውየው ነው። ደንበኛው አልጋ ላይ ጀርባውን አስደግፎ እንዲቀመጥ ያደርግና ዓይኑ የደረሰበትን ቦታ በእርሳስ ያሰምራል። የመብራቱ ቆብ የታችኛው ከንፈር ከዚያ መስመር ላይ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ መዋል አለበት። ብዙውን ጊዜ ከፍራሹ በላይ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ከፍ ካለ አምፖሉ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ መጽሐፉን ትቶ ትራሱን ያበራል።

ቀጥሎ 40 ሳንቲ ርዝመት፣ 15 ሳንቲ ጥልቀት ያላት ጣውላ ትቆረጣለች። ስልክ፣ መነጽርና አንድ ብርጭቆ ከያዘች ይበቃታል፤ ኮመዲኖውን የምትተካው እሷ ናት። ከ20 ሳንቲ በላይ ከግድግዳው ከወጣች በጨለማ የሚነሣ ሰው ግንባሩን ይመታበታል። ከጣውላዋ ሥር የአምፖሉ መያዣ ይታሰራል፤ ገመዱ ከኋላ በተበሳ ቀዳዳ ያልፍና በአልጋው ራስጌ ጀርባ ወርዶ ሶኬቱ ጋ ይደርሳል። በገመዱ መካከል፣ ተኝቶ እጁን የዘረጋ ሰው በሚያገኛት ቦታ ላይ፣ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ትገባለች። አናጺው ደጋግሞ የሚናገረው ስለዚህች ማብሪያ ነው። ለማጥፋት ከአልጋ የሚያስወርድ መብራት፣ ይላል፣ ከጣሪያው በምን ይሻላል?

ከዚህ የቀለለም መንገድ አለ። ሾላ ገበያና መገናኛ አካባቢ ባሉ መደብሮች በመቆንጠጫ የሚያዝ፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት ይሸጣል። አልጋው ራስጌ ላይ ቆንጥጦ ይይዛል፤ ምስማርም ብሎንም አይፈልግም። ቻርጅ የሚደረገው ዓይነት ደግሞ መብራት በሚጠፋበት ምሽት ያገለግላል። በእኛ ከተማ ይህ ብቻውን ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። ተለጣፊው የኤልኢዲ ጥቅል በመደርደሪያ ሥር ተደብቆ ሲለጠፍ ቦታ አይወስድም፤ ሆኖም ለዘብ ያለ ብርሃን እንጂ ለረጅም ንባብ የሚሆን አይሰጥም።

ለቆቡ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ከቀሚስ የተረፈ የሸማ ቁራጭ በሽቦ ቀለበት ላይ ሲወጠር ብርሃኑን አለስልሶ ያወጣል። ቀድሞ ከተራራው የባሕር ዛፍ ማገዶ በጀርባቸው ያወርዱ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ሽመናና የስፌት ሥራ የሚሠሩትም በዚሁ አካባቢ ነው። አፉ የተደፋ ትንሽ የሣር ስፌት ለራስጌ መብራት ያማረ ቆብ ይሆናል፤ ብርሃኑን ወደ ታች ብቻ ይለቃል፣ በስፌቱ ቀዳዳ የሚያመልጠው ጥቂት ነው። ጨርቅም ሣርም ግን የሚፈቀዱት ለአነስተኛ ኤልኢዲ ብቻ ነው። ባለ 60 ዋቱ የድሮ አምፖል ያከስላቸዋል። ኤልኢዲውም ቢሆን አንገቱ ጋ ስለሚሞቅ ቆቡ ሳይነካው ጥቂት ሳንቲ መራቅ አለበት።

> ለማጥፋት ከአልጋ የሚያስወርድ መብራት ከጣሪያው በምን ይሻላል?

ብሎኬቱና አከራዩ

ጣውላዋን ግድግዳ ላይ ለመስቀል ሲነሡ ሁለት ነገር ይገጥማል። የመጀመሪያው ብሎኬቱ ነው። የኮንዶሚኒየም ማካፈያ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ክፍት በሆነ ባለ 10 ብሎኬት የተሠራ ነው። ትራፓኖው ልስኑንና የብሎኬቱን ቆዳ ካለፈ በኋላ ባዶ ቦታ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ የገባ ተራ ፊሸር የሚነክሰው የለውም። ለጥቂት ሳምንት ይይዛል፤ ከዚያ ከነመብራቱ ይወርዳል። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ትራፓኖውን ሳያስመቱ ዝም ብለው በማዞር ብቻ ይበሳሉ፤ ቀዳዳው እንዳይፈርስ ነው። ከዚያም ውስጥ ሲገባ የሚከፈት ረጅም ፊሸር ይመርጣሉ። ሌላው ጥንቃቄ የገመዱ መስመር ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ የኤሌክትሪክ ቱቦ ከማብሪያና ከሶኬት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፣ አንዳንዴም ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ከእነሱ ትይዩ አይበሳም።

ሁለተኛው አከራዩ ነው። «ምስማር እንዳትመቱ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ቁልፍ ከመረከብ ጋር አብሮ ይመጣል። ለተከራይ የሚሻለው መብራቱን ከአልጋው ጋር ማሰር ነው። ወፈር ያለ አጣና ወይም ቀጭን የብረት ቱቦ ከአልጋው እግር ጋር በሁለት ቦታ በማሰሪያ ይታሰርና ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መብራቷም ትንሿ ጣውላም ከእሱ ላይ ይሰቀላሉ። ከአልጋውና ከግድግዳው መካከል አምስት ሳንቲ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቤት ሲለቁ አብሮ ይሄዳል።

ከአከራይ ጋር ሌላም ጉዳይ አለ፤ ቆጣሪው። ብዙ ግቢዎች ውስጥ አንድ ቆጣሪ ለስድስትና ለሰባት ተከራይ ስለሚያገለግል መብራት ሲያመሽ ጭቅጭቅ ይነሣል። «እስከ ስንት ሰዓት ነው የምታበራው?» የተባለ የኮተቤ ተማሪ ጥቂት አይደለም። እዚህ ላይ ቁጥር ይረዳል። ለአንድ ሰው ንባብ 5 ዋት ኤልኢዲ በቂ ነው። በየምሽቱ 4 ሰዓት ቢበራ በወር የሚፈጀው ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያነሰ፣ 0.6 ገደማ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። አከራዩን ቁጭ አድርጎ ማስረዳት ከመደበቅ ይሻላል።

ከተራራው ላይ ሲታይ

እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የሥነ ፈለክ መመልከቻ አለ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከመጣ ወዲህ ተራራው ላይ የሚያመሽ ሰው በዝቷል፤ ከዚያ ሆኖ ወደ ታች ሲመለከቱ ከተማዋ ወርቅ የፈሰሰባት ትመስላለች። ኮከብ ለሚያጠና ሰው ግን ያ ሁሉ ወደ ሰማይ የወጣ ብርሃን የባከነ ነው፤ ኮከቦቹን ይጋርዳል። የሥነ ፈለክ ሰዎች ከተሞችን የሚጠይቁት መብራት እንዲያጠፉ አይደለም፤ ቆብ እንዲያደርጉበት፣ ወደሚፈለግበት እንዲያዞሩት፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳያደምቁት ነው።

በ9 ካሬ ሜትር ክፍል ውስጥ ያለው ሕግም ይኸው ነው። ከጣሪያ የተንጠለጠለ እርቃኑን ያለ አምፖል ግድግዳውን፣ ኮርኒሱን፣ የተኛውን ሰው ዐይን ሽፋን ሁሉ ያበራል፤ መጽሐፉ ላይ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ያው መጠን ያለው ብርሃን ቆብ ተደርጎለት ከመጽሐፉ ቅርብ ሲሆን ግን በጣም ያነሰ ኃይል ይበቃዋል። ብርሃን ከምንጩ በራቀ መጠን በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳልና። ሁለት ሜትር ላይ ያለውን ወደ ግማሽ ሜትር ማቅረብ ገጹ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አሥራ ስድስት እጥፍ ያደርገዋል። በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ አልጋዋን ለሁለት ከእህቷ ጋር እንደምትጋራ ነግራኛለች። ቆቡ ጠባብ የሆነ መብራት ካስገባች ወዲህ አንዷ ስታነብ ሌላዋ ፊቷን ሳትሸፍን ትተኛለች።

ምን ዓይነት ብርሃን?

ሱቅ ውስጥ ደምቆ የሚታየው ነጭ አምፖል ለወጥ ቤት ይሁን። ለራስጌ የሚመረጠው ካርቶኑ ላይ ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን የተጻፈበት፣ ወደ ቢጫ የሚያደላው ነው። ነጩ አምፖል ውስጥ በርከት ብሎ የሚገኘው ሰማያዊ የብርሃን ክፍል አእምሮ ገና ቀን ነው ብሎ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ያዘገያል። ሌሊት 10 ሰዓት ለሚነሣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ደግሞ አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብላቸዋል። «አምፖሉ ጠፍቶም በጨለማ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ምን ሆኖ ነው?» ጣሪያ ላይ ሲሆን የማይታይ ነገር ከትራስ አጠገብ ሲሆን እንቅልፍ ይነሣል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ማብሪያው የሚቆርጠው ኃይል የሚያመጣውን ገመድ (ፌዙን) ሳይሆን የመመለሻውን (ኒውትራሉን) መሆኑ ነው። ኤልኢዲ በጣም አነስተኛ በሆነ ኃይል ስለሚበራ በገመዱ ውስጥ የምትቀረው ጥቂት ፍሰት ታበራዋለች። ነገሩ ከመረበሽም ያለፈ ነው፤ አምፖሉ የጠፋ በመሰለበት ጊዜ መያዣው ውስጥ 220 ቮልት አለ ማለት ነው። አምፖል ለመለወጥ እጁን የሚያስገባ ሰው አደጋ ላይ ነው። ማብሪያው ፌዙን እንዲቆርጥ ማድረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ፣ በሚያውቅ ሰው።

የብረት ቆብና ክንድ ያለው መብራት የመሬት መስመር ሊኖረው ይገባል። ሁለት ገመድ ብቻ ባለበት አሮጌ ቤት የእንጨትና የፕላስቲክ አካል ያለው ይመረጥ። ገመድ በፍራሽ ሥር አይለፍ፤ በአልጋ እግርም አይረገጥ። በአንድ ማከፋፈያ ላይ ምጣድና የራስጌ መብራት አብረው አይሰኩ። በጥቁር ቴፕ የተቀጠለ ገመድ ከሕፃን እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ጨርሶ አይሁን።

ኮንዶሚኒየም ሲረከቡ ቤቱ ብዙ የቀረው ሥራ አለ፤ ባለቤቱ ወለል ያነጥፋል፣ ቀለም ይቀባል፣ የመብራት መስመሩንም እንደገና ያሠራል። ግድግዳ ለመቆፈር ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ከሰቆችና ከኮርኒስ ጌጥ አስቀድሞ ኤሌክትሪሺያኑን ወደ መኝታ ክፍሉ መውሰድ፣ አልጋው የሚቆምበትን ቦታ በኖራ መሬቱ ላይ ማስመር፣ ከወለሉ 70 ሳንቲ ገደማ ላይ በራስጌው በሁለቱም በኩል ሶኬትና ማብሪያ እንዲያወጣ ማዘዝ ነው። ተጨማሪው ወጪ ጥቂት ሜትር ቱቦና ገመድ ነው። ልጆች በሚተኙበት ክፍልም እንዲሁ፤ ተደራራቢ አልጋ ከሆነ ለላይኛውም።